በረኪና ወይስ ሎሚና አቼቶ? ለየቆሻሻው የሚስማማውን የቤት ማጽጃ ለመምረጥ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

በፋሲካ ዋዜማ ዶሮው በየብልቱ ተገንጥሎ፣ በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ ደጋግሞ ታጥቦ ሲያበቃ የእቃ ማጠቢያውን ዙሪያ ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው በቧንቧው እጀታ ላይ፣ በመክተፊያው ጠርዝ ላይ፣ አንዳንድ ጊዜም አጠገቡ በተደረደሩት ንጹሕ ሳህኖች ላይ ሳይቀር ቀላ ያሉ ጠብታዎች ይታዩታል። በብዙ ቤት ከዚህ በኋላ የሚደረገው ከዶሮው እጥበት የተረፈውን የሎሚ ልጣጭ አንሥቶ ማጠቢያውን በእርሱ ማሸት ነው። ሽታው ይጠፋል፣ ብረቱ ያብረቀርቃል፣ ሥራውም ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ከጥሬ ዶሮ ጋር ወደ ቤት የሚገቡት እንደ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ያሉ ተህዋሲያን በሎሚ ልጣጭ ስለታሹ ብቻ አያልቁም። በሌላ በኩል ደግሞ በቤቱ የታመመ ሰው ሳይኖር ሳሎኑን በየማለዳው በበረኪና የሚወለውል፣ ያ ሽታ ካልሸተተው ቤቱ የጸዳ የማይመስለው ሰው አለ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሁለቱም ነው።

ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው «ኬሚካል ይሻላል ወይስ ተፈጥሯዊው?» በሚል መልክ ነው። እኔ ግን ጥያቄው በዚህ መልክ መቅረቡ ራሱ ሰውን ያሳስታል ብዬ አምናለሁ። የሎሚ ኮምጣጣነት የሚመጣው ሲትሪክ አሲድ ከሚባል ኬሚካል ነው፤ አቼቶም በውሃ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ ነው። ተፈጥሯዊ መሆንም ጉዳት የለሽ መሆን ማለት አይደለም። ለዚህ ከእንዶድ የተሻለ ምስክር የለንም። እናቶቻችን ለዘመናት ልብስ ያጠቡበት ይህ ፍሬ አረፋ የሚያወጣው ሳፖኒን በሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በማየታቸው ነበር የቢልሃርዚያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ በእንዶድ ለመቆጣጠር የሚያስችለውን ምርምር የጀመሩት። ልብስ የሚያነጻው ያው ፍሬ ቀንድ አውጣንና ዓሣን ይገድላል፤ ሰውም ቢውጠው ይመርዘዋል። ስለዚህ ዕቃ መደርደሪያው ፊት ቆመን ልንጠይቀው የሚገባው «ይህ ከተፈጥሮ ነው ወይስ ከፋብሪካ?» የሚለውን ሳይሆን «ላጸዳው ያሰብሁት ቆሻሻ ምን ዓይነት ነው? ቦታውንስ ማን ይነካዋል፣ ማንስ ይበላበታል?» የሚለውን ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ማጽዳትንና ተህዋሲያንን መግደልን መለየት

ማጽዳት ማለት ቆሻሻን፣ ቅባትንና በውስጡ ያሉትን ተህዋሲያን ከቦታው አንሥቶ በውሃ ማስወገድ ነው። ይህን ሥራ በዋናነት የሚሠራው ሳሙና ነው፤ የልብስ ሳሙናም ይሁን ላርጎ ወይም ኦሞ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፏ ቅባትን፣ ሌላው ጫፏ ውሃን ስለምትይዝ ቅባቱን ከነተሸከመው ነገር ጎትታ ታወጣዋለች። አንዳንድ ቫይረሶችም ውጫዊ ሽፋናቸው ከቅባት የተሠራ በመሆኑ በሳሙና ይፈራርሳሉ። ተህዋሲያንን መግደል ግን ሌላ ሥራ ነው፤ እርሱም ከጸዳ በኋላ በቀረው ላይ የሚሠራ ሁለተኛ ደረጃ እንጂ የመጀመሪያው ምትክ አይደለም።

ይህን ቅደም ተከተል ማክበር የግድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ጀርምን ከምግብ ፍርፋሪ፣ ከደም ወይም ከጭቃ ለይቶ አያውቅም፤ ያገኘውን ሁሉ ያጠቃል፣ እያጠቃም ኃይሉን ይጨርሳል። ባልታጠበ የመክተፊያ እንጨት ላይ የፈሰሰ በረኪና ጉልበቱን በሥጋው ርዝራዥ ላይ ስለሚጨርስ ለተህዋሲያኑ የሚተርፍ ነገር አይኖረውም። በሌላ አነጋገር፣ ሳሙና ሳይቀድም በረኪና ማፍሰስ ገንዘብን ወደ ፍሳሽ መልቀቅ ነው።

አብዛኛው የቤት ሥራ በመጀመሪያው ደረጃ ያበቃል። አቧራ፣ የእግር ዱካ፣ የፈሰሰ ሻይ፣ የወጥ ጠብታ፣ የጠረጴዛ ጭቅቅት ሳሙናና ውሃ ብቻ ይበቃቸዋል። ተህዋሲያንን ወደ መግደል የምንሻገረው ጥሬ ሥጋ፣ ዶሮ ወይም እንቁላል የነካውን ቦታ ስናጸዳ፣ ሽንት ቤት ስናጸዳ፣ በቤቱ ውስጥ የሚያስቀምጠው ወይም የሚያስመልሰው ሰው ሲኖር፣ ደም ሲፈስ፣ እንዲሁም በቅርቡ የተወለደ ሕፃን ወይም በሕመም ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው የሚነካካቸውን ነገሮች ስናሰናዳ ነው። ከዚህ ውጭ ሳሎንን በየቀኑ በበረኪና መወልወል የቤተሰቡን ሳንባ ያለ ምክንያት ማስቸገር ነው፤ አስም ያለበት ሰው በቤቱ ካለ ደግሞ ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የጤና ጉዳይ ይሆናል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ጓዳ ውስጥ ያለውን በሚችለው ልክ መጠቀም

በረኪናም ሆነ አቼቶ ስማቸውን ያገኙት ከጣሊያንኛ ነው፤ በየቤታችን ግን ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን ስለኖሩ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚሠራ እየመሰለን መጥቷል። አቼቶና ሎሚ ከሳሙናም ከበረኪናም የሚበልጡበት አንድ ሥራ አለ፤ እርሱም ውሃ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ማሟሟት ነው። የጉድጓድ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡ እንደ ኖራ ይነጣል፤ የገላ መታጠቢያው ቀዳዳዎችም ተደፍነው ውሃው ወደ ጎን ይረጫል። ማንቆርቆሪያውን እኩል አቼቶና ውሃ ጨምሮ ማፍላትና ለግማሽ ሰዓት መተው ቅርፊቱን ያለ ፍትጊያ ያስለቅቀዋል፤ ከዚያም አንድ ጊዜ ንጹሕ ውሃ አፍልቶ መድፋት ነው። ለገላ መታጠቢያው ደግሞ አቼቶ በትንሽ ፌስታል ውስጥ አድርገው፣ የመታጠቢያው ራስ እንዲዘፈቅበት አድርገው በክር ያሥሩትና አንድ ሰዓት ያቆዩት። የጠቆረ የአልሙኒየም ድስትም የሎሚ ልጣጭ የገባበት ውሃ ሲፈላበት ይፈካል።

አሲድ መሆናቸው ግን በሌላ በኩል ይጎዳል። በብዙ የቆዩ ቪላዎችና ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ያለው ቴራዞ ወለል ከሲሚንቶና ከእብነ በረድ ስብርባሪ የተሠራ ስለሆነ አቼቶና ሎሚ ይበሉታል፤ መጀመሪያ ወዙ ይጠፋል፣ ከዚያ ቆሻሻ የሚይዝ ሻካራ ይሆናል። በሴራሚክ ላይ ችግሩ ያነሰ ቢሆንም በየመገጣጠሚያው ያለው ስሚንቶ በተደጋጋሚ አሲድ ሲነካው ይሸረሸራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጓዳ ውስጥ ያለው አቼቶ በጥሬ ሥጋ የተበከለን ቦታ ወይም የታመመ ሰው የተጠቀመበትን ሽንት ቤት አደራ የምንሰጠው ፀረ ተህዋሲያን አይደለም። አንዳንድ ተህዋሲያንን ያዳክማል፤ ሌሎቹን ግን ሳይነካቸው ያልፋል።

ቤኪንግ ሶዳ ለስለስ ያለ ፈታጊ ነው፤ ሽታንም ይይዛል። ያረረ የማይዝግ ብረት ድስት ውስጥ ውሃና ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሮ ሩብ ሰዓት ያህል ማንተክተክ ያረረውን ያላላዋል፤ አልሙኒየምን ግን ስለሚያጠቁረው በእርሱ ላይ አይጠቀሙበት። በአሁኑ ጊዜ ቤኪንግ ሶዳንና አቼቶን ቀላቅሎ መጠቀም እንደ ታላቅ ብልሃት ሲነገር ይሰማል። ፍልቅልቅ ማለቱ ዓይንን ይማርካል፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል አጥፍቶት የሚቀረው በአብዛኛው ውሃና ጥቂት ጨው ነው። ፍልቅልቁ በተደፈነ ቱቦ ውስጥ ያለ ልል ቆሻሻን ሊነቀንቅ ይችል ይሆናል እንጂ እንደ ማጽጃ ሁለቱን በየተራ መጠቀም ይሻላል።

አመድን የናቀ ሰው ጥቀርሻ የያዘ ድስት አጥቦ አያውቅም ማለት ነው። የእንጨትና የከሰል አመድ አልካላይ ስለሆነ ከድስት ቅባት ጋር ሲገናኝ ራሱ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ ደቃቅነቱም ይፈትጋል። ነገር ግን በወንፊት የተነፋ፣ ፕላስቲክ ወይም ቀለም የተቀባ እንጨት ያልተቃጠለበት አመድ መሆን አለበት፤ የማይጣበቁ መጥበሻዎችንና የኢናሜል እቃዎችንም ስለሚቧጥጥ ለእነርሱ አይሆንም።

ከተፈጥሯዊዎቹ ሁሉ ተህዋሲያንን በመግደል ወደር የሌለው ግን ማንም ሰው ከማጽጃ ጋር የማይቆጥረው የፈላ ውሃ ነው። የወጥ ቤት ጨርቅ፣ የሕፃን ጡጦ፣ የእንጨት ማንኪያ፣ ሙቀት የሚችል ነገር ሁሉ በመፍላት ይጸዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ስለሆነም በደጋ የምንኖር ሰዎች ውሃው መንተክተክ እንደ ጀመረ ማውጣት የለብንም፤ ለመጠጥ የሚሆን ውሃን 3 ደቂቃ፣ ጨርቅንና እቃን ደግሞ ቢያንስ 10 ደቂቃ ማፍላት ተገቢ ነው።

ሦስተኛ ደረጃ፦ በረኪናን በልኩ መበጥበጥ

በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ንጥረ ነገር በውሃ የተበጠበጠበት ሲሆን መጠኑ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳያነቡ መበጥበጥ አይጀምሩ። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ በጠርሙሱ ላይ ያለውን መቶኛ ለሚፈልጉት መቶኛ ያካፍሉና ከውጤቱ ላይ አንድ ይቀንሱ፤ የሚያገኙት ቁጥር ለአንድ ልክ በረኪና ስንት ልክ ውሃ እንደሚያስፈልግ ይነግርዎታል።

ለተለመደው ሥራ፣ ማለትም ታጥቦ ለጸዳ የወጥ ቤት ገጽ፣ ለበር እጀታና ለሽንት ቤት መቀመጫ፣ 0.1 በመቶ ይበቃል። ባለ 5 በመቶው በረኪና ከሆነ 5 ለ0.1 ሲካፈል 50 ይሆናል፤ አንድ ሲቀነስ 49። ስለዚህ አንድ ልክ በረኪና ለ49 ልክ ውሃ ነው፤ ይህም ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ወይም አራት የሻይ ማንኪያ፣ ለአሥር ሊትር ባልዲ ደግሞ 200 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ደም፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ለነካው ቦታ ግን 0.5 በመቶ ያስፈልጋል፤ ይህ አንድ ሲኒ በረኪና ለዘጠኝ ሲኒ ውሃ ነው። ለዚህ የተጠቀሙበትን ሲኒና ማንኪያ ምልክት አድርገው ከማጽጃዎቹ ጋር ያስቀምጡት፤ ወደ ቡና ረከቦቱ መመለስ የለበትም።

በሚበጠብጡበት ጊዜ መስኮት ይክፈቱ፣ የላስቲክ ጓንት ያድርጉ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ሙቅ ውሃ በረኪናውን ያፈርሰዋል፤ ትነቱንም ያበዛዋል። መጀመሪያ ውሃውን ቀድተው በረኪናውን በላዩ ይጨምሩ፤ እንዲህ ሲሆን ፍንጣቂው ወደ ዓይን አይመጣም። ከዚያ በታጠበው ቦታ ላይ ያዳርሱትና ሳይደርቅ 10 ደቂቃ እንዲቆይ ይተዉት። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ረጭቶ ወዲያው የሚጠርግ ሰው ተህዋሲያኑን ከመግደሉ በፊት መድኃኒቱን አንሥቶታል። ምግብ የሚነካው ቦታ ከሆነ በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ።

የተበጠበጠ በረኪና ዕድሜው አንድ ቀን ነው፤ የዛሬውን ለነገ አያሳድሩት። ያልተበጠበጠውም ቢሆን በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ወራት በቆየ ቁጥር እየደከመ ስለሚሄድ፣ ርካሽ ነው ብሎ በጀሪካን ገዝቶ ለዓመት ከማስቀመጥ በትንሽ በትንሹ የተመረተበትን ቀን እያዩ መግዛት ይመረጣል።

አራተኛ ደረጃ፦ ፈጽሞ የማይገናኙትን ማወቅ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህን ያስታውሱ፦ በረኪና ከውሃ በስተቀር ከምንም ጋር አይቀላቀልም፤ ከሳሙናም ጋር ቢሆን ታጥቦ ከተለቀለቀ በኋላ በየተራ ነው። በረኪና ከአሲድ ጋር፣ ማለትም ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛም ጋዝ ይፈጠራል፤ አሞኒያ ደግሞ በአንዳንድ የመስታወት ማጽጃዎች ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቆይቶ በሸተተ ሽንት ውስጥም አለ። ከአልኮልም ጋር መርዛማ ንጥረ ነገሮች ይወጣሉ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ከዓመታት በፊት የመታጠቢያ ቤታችን የሽንት ቤት መቀመጫ ቢጫ ቅርፊት ስለያዘ አሲድ አፈሰስሁበትና ጥቂት ቆይቼ፣ ውሃ ሳልለቅበት፣ «ያንጣው» ብዬ በረኪና ደረብሁበት። በሩ ተዘግቶ ነበር። የወጣው ሽታ የለመድሁት የበረኪና ሽታ አልነበረም፤ ብዙ በርበሬ ያረረበት ጢስ ጉሮሮ ውስጥ እንደሚገባው ያለ፣ ትንፋሽን ከደረት የሚያግድ ነገር ነበር። ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ የበሩን እጀታ በዳበሳ ነው ያገኘሁት፤ ሳሉም እስከ ማግሥቱ አልለቀቀኝም። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ወይም ከእኔ ይልቅ አስም ያለበት ሰው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በየቤቱ ሽንት ቤት የሚያጥቡት አብዛኛውን ጊዜ ከገጠር በቅርቡ የመጡ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማንም ያላነበበላቸው ልጆች መሆናቸው ጉዳዩን ከባድ ያደርገዋል። በዓረብ አገራት በቤት ሥራ የሚተዳደሩ እህቶቻችንም በማያውቁት ቋንቋ የተጻፈባቸውን ጠርሙሶች በጠባብና መስኮት በሌለው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይጠቀማሉ፤ እዚያ ክሎሮክስ እየተባለ የሚጠራው ያው በረኪና ነው፣ ከሽንት ቤት አሲድ ጋርም አይገናኝም። የቤት ሠራተኛ የቀጠረ ሰው ሁሉ ጓንት ገዝቶ የመስጠትና ይህን አንድ ነገር ቁጭ ብሎ የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት አምናለሁ። ዘመድ በስልክ ሲያገኙም እግረ መንገድዎን ይንገሩ።

ቅርፊትም ማስለቀቅ ተህዋሲያንም መግደል ካስፈለገ ሥራውን በሁለት ቀን ይከፋፍሉት። በአንደኛው ቀን አሲዱ ወይም አቼቶው ይሥራ፣ በብዙ ውሃ ይለቅለቅ፤ በረኪናው ለሌላ ቀን ይቆይ።

አምስተኛ ደረጃ፦ እያንዳንዱን ቦታ በጠባዩ መያዝ

ወደ ዶሮው እንመለስ። ዶሮ ማጠብ ከባህላችን ጋር የተሳሰረ ስለሆነ «አትጠቡ» የሚለው የውጭ አገር ምክር እዚህ የሚሰማው ሰው አያገኝም፤ ጉዳቱን መቀነስ ግን ይቻላል። በመጀመሪያ በማጠቢያው ዙሪያ ያለውን ንጹሕ እቃ ሁሉ ያንሡ። ዶሮውን በሚወርድ የቧንቧ ውሃ ሥር ሳይሆን ጠለቅ ባለ ሳፋ ውስጥ ይጠቡ፤ ውሃውንም ቀስ ብለው ይድፉ። ሎሚውና ጨው ለጠረኑ ይጠቅማሉ፤ ተህዋሲያኑን የሚገድለው ግን ወጡ በሚገባ መብሰሉ ነው። ሲጨርሱ ሳፋውን፣ መክተፊያውን፣ ቢላዋውን፣ ማጠቢያውንና የቧንቧውን እጀታ በላርጎና በሙቅ ውሃ ፈትገው ያለቅልቁ፤ ቀጥሎም 0.1 በመቶ በረኪናውን ለ10 ደቂቃ ያቆዩበት፤ በመጨረሻም በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁትና በአየር ይድረቅ። ከዶሮ እጥበት የተረፈ ሎሚ አሁንም ማጠቢያው ውስጥ ካለ በረኪናው ከመድረሱ በፊት መውጣቱንና ቦታው በደንብ መለቅለቁን ያረጋግጡ።

ሸክላ የሆነ ነገር ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራ ገጻቸው ቀዳዳ ስላለው በረኪናም ሳሙናም ይጠጣሉ፤ የጠጡትንም በሚቀጥለው ቡናና እንጀራ ውስጥ ይመልሱታል። ጀበናን በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ማለቅለቅና አንገቱን ዘቅዝቆ ማድረቅ፣ ምጣድን በማሰሻ መጥረግ ይበቃል። የጠላ እቃ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ በወይራ መታጠኑ የቆየ የእናቶች ጥበብ ነው፤ እኔ በእርሱ ፋንታ የማቀርበው የተሻለ ነገር የለኝም።

ሽንት ቤትን በሚመለከት፣ ለዕለት ዕለቱ ሳሙናና መፋቂያ፣ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ 0.1 በመቶ በረኪና በቂ ነው፤ ከመቀመጫው ይልቅ ሰው ዘወትር የሚረሳው የውሃ መልቀቂያውን፣ የበሩን እጀታና የመብራት ማብሪያውን ነው። አተት ወይም ሌላ ከባድ ተቅማጥ ያለበት ሰው በቤቱ ካለ ግን ሁኔታው ይለወጣል። በጓንት ሆነው ፈሳሹን በሚጣል ጨርቅ ወይም ወረቀት ያንሡ፣ ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፣ 0.5 በመቶ በረኪና ለ10 ደቂቃ ያቆዩበት፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። በዚህ ጊዜ አቼቶ፣ ሎሚ ወይም የእጅ አልኮል ይበቃል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ ተቅማጥና ትውከት ከሚያስከትሉ ቫይረሶች መካከል እንደ ኖሮ ቫይረስ ያሉት አልኮልን በሚገባ ይቋቋማሉ። በሽተኛውንም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ከማንኛውም ጽዳት ይቀድማል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ወለልን በሁለት ባልዲ መወልወል ይመከራል፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሌላው መወልወያውን ማለቅለቂያ። እንዲህ ሲደረግ ቆሻሻው ተመልሶ ወለሉ ላይ አይቀባም፤ ውሃውም ይቆጠባል። የጣውላ ወለል ከሆነ በረኪናም አቼቶም አያስፈልገውም፤ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ተዘጋጅተው የሚሸጡትን ማጽጃዎች ማንበብ

በሱፐርማርኬት የሚገኙት የሚረጩ ፈሳሾችና እርጥብ መጥረጊያዎች ምቾታቸው የማይካድ ነው፤ መበጥበጥ የለም፣ ልኬት የለም። ሆኖም «99.9 በመቶ ጀርም ይገድላል» የሚለው ጽሑፍ እውነት የሚሆነው በጀርባው በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ደቂቃ ሲከበር ነው፤ አንዳንዶቹ ገጹ ለ4 ደቂቃ፣ ሌሎቹ እስከ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ እንዲቆይ ይጠይቃሉ። በአንድ እርጥብ መጥረጊያ ጠረጴዛውን፣ ምድጃውንና ማቀዝቀዣውን የሚያዳርስ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ በኋላ ቆሻሻ እያዘዋወረ ነው። «ተፈጥሯዊ» ወይም «አረንጓዴ» የሚሉት ቃላት ደግሞ ብቻቸውን ምንም አያረጋግጡም፤ ጀርባውን ገልብጠው የሚሠራው ንጥረ ነገር ስሙና መጠኑ መጻፉን ይመልከቱ። በአሜሪካ የምትኖሩ አንባቢያን ፀረ ተህዋሲያን ነኝ የሚል የቤት ገጽ ማጽጃ የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት (ኢ.ፒ.ኤ.) መመዝገቢያ ቁጥር በላዩ ላይ ሊኖረው እንደሚገባ ልብ በሉ፤ ቁጥሩ ከሌለው እንደ ማጽጃ እንጂ እንደ ፀረ ተህዋሲያን አትቁጠሩት።

ዴቶል ውስጥ የሚሠራው ክሎሮዛይሊኖል ሲሆን ድመት ባለበት ቤት ወለል ላይ መጠቀሙ አይመከርም፤ ድመቶች እግራቸውን ይልሳሉ፣ ሰውነታቸውም ይህን ዓይነት ንጥረ ነገር በቀላሉ አያስወግድም። አልኮል 70 በመቶው ከ95 በመቶው ይሻላል፤ ውሃው ወደ ተህዋሲያኑ ውስጥ እንዲገባ ስለሚረዳው ነው። ለስልክና ለትንንሽ ነገሮች ጥሩ ነው፤ ምድጃ ወይም ሻማ አጠገብ ግን እሳት ነው።

ሰባተኛ ደረጃ፦ አስቀማመጥና ድንገተኛ አደጋ

በረኪናን በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ማስቀመጥ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ከሁሉም የቤት ልማዶች ይበልጥ የሚያስፈራኝም ይህ ነው። ቀለሙ ውሃ ይመስላል፤ ከትምህርት ቤት ተጠምቶ የመጣ ልጅ ደግሞ አሽትቶ አይጠጣም። በገዛ ጠርሙሱ ያስቀምጡት፤ ተቀድቶ የሚገዛ ከሆነም የማጽጃ ጠርሙስ መሆኑ በቅርጹ የሚታወቅ፣ በትልቁ «በረኪና» ተብሎ የተጻፈበት ይሁን፤ ቦታውም ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ፣ ከምግብና ከአሲድ ተለይቶ ይሁን።

የጠጣ ሰው ቢኖር እንዲያስታውክ አያስገድዱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥላል። «ያረክሰዋል» ተብሎ ሎሚ መስጠትም አደጋ ነው። አፉን በውሃ ያጉመጥምጡት፣ ጠርሙሱን ይያዙና ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ በ907 ይገኛል። ዓይን ውስጥ የገባ ከሆነ በንጹሕ የሚወርድ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው፤ ጋዝ የሸተተው ሰው ደግሞ ወዲያው ወደ ነፋሻ ቦታ ይውጣ፣ የተቀላቀለውንም ለመድፋት ተመልሶ አይግባ።

የጽዳቱ ቀን የመጨረሻ ሥራ ጨርቁ ነው። የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅና የጠረጴዛ ጨርቅ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆኑ፣ የምግብ ፍርፋሪም ስለያዙ ከሽንት ቤቱ መቀመጫ ይልቅ ብዙ ተህዋሲያን የሚኖሩባቸው ጊዜ አለ፤ ጠዋት የጨመቁት ጨርቅ ማታ ኮመጥ ያለ ሽታ ካለው ምልክቱ ይህ ነው። ለወጥ ቤት፣ ለወለልና ለሽንት ቤት የተለያየ ቀለም ያላቸው ጨርቆች ይመድቡ። የወጥ ቤቱን በየሁለት ቀኑ 10 ደቂቃ አፍልተው፣ ወይም በሳሙና አጥበውና አለቅልቀው 0.1 በመቶ በረኪና ውስጥ ነክረው፣ ጨምቀው ፀሐይ በሚያገኝ ገመድ ላይ በሙሉ ስፋቱ ዘርግተው ያስጡት፤ ተጠቅልሎ ቧንቧው ላይ የተተወ ጨርቅ አይደርቅም።